የጠፋ ጽሑፍ የሚገኘው ከመጥፋቱ በፊት ነው



በጎግ ወረዳ ክረምት ሲገባ የጊሎ ወንዝ ይሞላል፣ መንገዱ በጭቃ ይያዛል፣ መብራቱም ይመጣል ይሄዳል። በእንዲህ ያለ አንድ ሰሞን፣ ሦስት ዓመት የደከምንበት ጽሑፍ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከእጃችን ወጣ። እሳት አልተነሣም፤ ሌባም አልገባም። አውራ ጣት የምታህል አንዲት ፍላሽ ናት ጉድ የሠራችን። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ጉዱን የሠራነው እኛው ራሳችን ነን።

ጽሑፉ ምን ነበር? ከተማሪዎቻችን ጋር ሆነን የአካባቢያችንን አረጋውያን ወግ ስንሰበስብ ቆይተናል። ከአኝዋ ሽማግሌዎች የሰማነው አለ። በፑኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ካሉ እናቶች የሰማነው አለ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ ወደ ጋምቤላ ከመጡ አባቶችም የሰማነው አለ። ተማሪዎቹ በደብተር ይጽፋሉ፣ እኛ እናርማለን፣ ከዚያም በኮምፒዩተር ይተየባል። በጠቅላላው 14 ታሪኮች ተሰብስበው ነበር።

የመጨረሻው ታሪክ የአንድ የወሎ አባት ነበር። በልጅነታቸው ደረሳ ሆነው የቀሩትን ኪታብ፣ ሸኻቸው ያስያዟቸውን መንዙማ፣ በኋላም በረሃቡ ዘመን አገር ለቅቀው የመጡበትን መንገድ አንድ በአንድ አጫውተውናል። ፍላሽዋ ከመበላሸቷ ከጥቂት ወራት በፊት እኚህ አባት ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው። እንግዲህ የእርሳቸው ቃል የቀረው በጽሑፉ ላይ ብቻ ነበር፤ ጽሑፉ ደግሞ የነበረው በፍላሽዋ ላይ ብቻ ነበር።

አደጋው እንዴት ደረሰ? ላፕቶፓችን ቀደም ብሎ ተበላሽቷል። "ነገ ሌላ ቦታ እንገለብጠዋለን" እያልን ወራት አሳለፍን። አንድ ቀን ፍላሽዋን ከአንድ ኮምፒዩተር ላይ ስንሰካት በውስጧ የነበሩት ፎልደሮች ጠፍተው በምትካቸው "ሾርትከት" የሚባሉት ምልክቶች ብቻ ታዩን። ቫይረስ ገብቷል ብለን ፎርማት አደረግናት። ይህም አንሶ የተማሪዎቹን ፈተና ገለበጥንባት። የመጀመሪያው ስሕተት ወራት ፈጀ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጁም።

ይህን የግል ጥፋታችንን የምናወራው እንዲሁ ለወግ ያህል አይደለም። ዛሬ በየቤታችን የልጆች የትምህርት ማስረጃ፣ የወላጆች ድምፅና ፎቶግራፍ፣ የወጣቶች ድርሰት፣ የመድረሳው የተማሪ መዝገብ ሳይቀር በስልክና በፍላሽ ተይዞ ይገኛል። አብዛኛው ደግሞ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። በመሆኑም የጠፋ ጽሑፍ እንዴት እንደሚፈለግ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይጠፋ ምን መደረግ እንዳለበት ከራሳችን ጉዳትና ከታሪክ ካገኘነው ትምህርት ጋር አያይዘን ለማቅረብ ወደናል።

"ጠፋ" ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ፋይል ሲሰረዝ ጽሑፉ ወዲያው ድምጥማጡ የሚጠፋ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ፍላሽን እንደ አንድ ትልቅ መጽሐፍ እናስበው። መጽሐፉ ማውጫ አለው፤ ማውጫው የትኛው ምዕራፍ በየትኛው ገጽ እንዳለ ያመለክታል። ፋይል ስንሰርዝ ኮምፒዩተሩ የሚያደርገው ከማውጫው ላይ አንዲት መስመር መፋቅና "እነዚህ ገጾች ነጻ ናቸው፣ ይጻፍባቸው" ብሎ ምልክት ማድረግ ነው። ገጾቹ ግን እንደተጻፉ ናቸው። ፈጣኑ ፎርማትም ቢሆን አሮጌውን ማውጫ አንሥቶ ባዶ ማውጫ ያስቀምጣል እንጂ ገጾቹን አንድ በአንድ አያጥብም።

ተስፋውም አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ተስፋው፣ ማውጫውን ትቶ ገጾቹን ራሳቸውን እየገለጠ የሚያነብ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ጽሑፉን ፈልቅቆ ሊያወጣው መቻሉ ነው። አደጋው ደግሞ በነጻነት የተመዘገቡት ገጾች ላይ አዲስ ነገር ከተጻፈባቸው አሮጌው ጽሑፍ ላይመለስ መሄዱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ አጭር ነው፦ የጠፋብህን ፈልገህ እስክትጨርስ ድረስ በዚያው ዕቃ ላይ ምንም ነገር አትጻፍ፤ አትገልብጥ፤ ያገኘኸውንም እዚያው ላይ አታስቀምጥ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ የተሰረዘ ፋይል ብዙውን ጊዜ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ገብቶ ይቆያል፤ ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ ግን በአብዛኛው እዚያ አይገባም። ሁለተኛ፣ በአዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው "ኤስኤስዲ" የሚባለው ማስቀመጫ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ እያጸዳ ስለሚሄድ በእርሱ ላይ የተሰረዘን ማግኘት ከሌላው ይልቅ ያስቸግራል። ሦስተኛው እኛን ያንገበገበን ነው። ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚለውጠው ቫይረስ በአብዛኛው ፋይሎቹን አያጠፋቸውም፤ ይደብቃቸዋል እንጂ። በንጹሕ ኮምፒዩተር ላይ "የተደበቁ ፋይሎች ይታዩ" የሚለውን ምርጫ ብንከፍት ኖሮ 14ቱንም ታሪኮች ያን ቀን በጤናቸው እናገኛቸው ነበር። ባለማወቃችን ተደብቆ የነበረውን በእጃችን አጠፋነው።

አራት ደጆች አንኳኳን

የመጀመሪያው ደጅ ፍላሽዋ ራሷ ነበረች። አንድ የሙያ ባልደረባችን "ፎቶሬክ" የሚባለውን በነጻ የሚገኝ የፍለጋ ፕሮግራም አመጣልንና ሌሊቱን ሲፈልግ አደረ። ፕሮግራሙ ማውጫውን ሳይጠይቅ የሚፈልግ በመሆኑ ፋይሎቹ ሲወጡ ስማቸውን አጥተው በቁጥር ብቻ ነው የመጡት። በመቶ የሚቆጠሩትን አንድ በአንድ ከፈትን። ሦስት ታሪኮች ሙሉ ሆነው ወጡ። ሌሎቹ አልከፈት አሉ፤ የፈተናው ወረቀት በላያቸው አርፎባቸዋል።

ሁለተኛው ደጅ በጋምቤላ ከተማ ያለ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የመጀመሪያዎቹን 9 ታሪኮች ከእጅ ጽሑፋችን የተየቡልን እዚያ ነበር። የቤቱ ባለቤት እኅታችን ችግራችንን ሰምታ፣ "ኡስታዝ፣ እኔ የሰው ልፋት ሰርዤ አላውቅም፤ ይግቡና ይፈልጉት" አለችን። በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ከማመልከቻው፣ ከውሉና ከሠርግ ጥሪው መካከል 9ኙ ታሪኮች ተገኙ። አልሐምዱሊላህ አልን።

ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። ፋይሉን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ወስደን ስንከፍተው አማርኛው ሁሉ የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ተደበላልቆበት መጣ። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው "ዩኒኮድ" የተባለው ሥርዓት የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ እየጫኑ ያስቀምጡት ነበር። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ ደግሞ ያ ጠባብ ቤት አልበቃ እያለ አንዱ ፊደል በሁለት ቁጥር ይከፈል ነበር። አቀማመጡም ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ አሮጌ ቅርጸ ፊደል የተተየበ ጽሑፍ ያ ቅርጸ ፊደል በሌለበት ቦታ ሲከፈት መቀበዣጠሩ አይቀርም። ጽሑፉ አልጠፋም፤ መክፈቻው ነው የጠፋው። መፍትሔው ሁለት ነበር፦ ጽሑፉን እዚያው አሮጌው ኮምፒዩተር ላይ በወረቀት ማተም፣ ከዚያም አሮጌውን አጻጻፍ ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም መገልበጥና ከታተመው ጋር ማስተያየት። ሁለቱንም አደረግን። ከ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ የተጻፉ ዲስኮችና ፋይሎች በእጃቸው ያሉ ወገኖቻችን ሁሉ መክፈቻው ሳይጠፋ ይህን ቢያደርጉ መልካም ነው እንላለን።

ሦስተኛው ደጅ ኢሜይል ነበር። ቀደም ሲል አንድ ወዳጃችን አንብቦ አስተያየት እንዲሰጠን 5 ታሪኮች ልከንለት ነበር። አምስቱም ከ9ኙ ውስጥ ያሉ ስለሆኑ "ምን ይጨምሩልናል?" ብለን ነበር። ነገር ግን ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ስናነብ ከጽሕፈት ቤቱ ቅጂ ላይ የአንዱ ታሪክ መጨረሻ ሁለት ገጽ ሳይተየብ ቀርቶ ኖሯል። የጎደለውን ወዳጃችን ያስቀመጠው ቅጂ ሞላልን።

አራተኛው ደጅ የተማሪዎቻችን ደብተር ነው። የወሎውን አባት ቃል በእጇ የጻፈችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን ነበረች። ሁለት ደብተር ሞልታ ነበር። አንደኛውን እናቷ በሣጥን ውስጥ ከልብስ ጋር አስቀምጠውት በደኅና ተገኘ። ሁለተኛው ግን ከግድግዳው ሥር ከሌሎች ደብተሮች ጋር ተቆልሎ ስለነበር ምስጥ ጨርሶታል። በእኛ አካባቢ ወረቀትም የራሱ ጠላት እንዳለው በዚያን ቀን በሚገባ አየን።

ሒሳባችን እንዲህ ሆነ፦ 9 ታሪኮች ከጽሕፈት ቤቱ፣ 3 ከፍላሽዋ ተገኙ። 13ኛውን የነገሩን የአኝዋ ሽማግሌ በሕይወት ስላሉ እንደገና ጠየቅናቸው። በደስታ ነገሩን፤ ሲደግሙት ግን አንዳንዱ ነገር ተለውጦ፣ አንዳንዱም ተረስቶ መጣ። 14ኛው የወሎው አባት ታሪክ ግማሽ ሆኖ ቀረ። ደረሳ ሆነው ኪታብ የቀሩበት ዘመን አለ። ከወሎ ተነሥተው ጋምቤላ የደረሱበት መንገድ የለም።

የሳራዬቮው እሳት

የእኛ ጥፋት ትንሽ ነው። በትልቁ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ቦስንያ እንሻገር። እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 1992 በከበባ ላይ በነበረችው በሳራዬቮ ከተማ የምሥራቃዊ ጥናት ተቋም በተቀጣጣይ ጥይት ተደብድቦ ተቃጠለ። በውስጡ የነበሩት 5,263 የእጅ ጽሑፎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደሙ። ጽሑፎቹ በዐረብኛ፣ በፋርስኛና በቱርክኛ እንዲሁም በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ ቦስንኛ የተዘጋጁ ነበሩ። የኋለኛው የእኛን አጀሚ ያስታውሰናል። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር መጨረሻ ደግሞ የአገሪቱ ብሔራዊና የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በእሳት ጋየ።

የተቃጠለ ወረቀት አመድ ነው፤ ከአመድ የሚመለስ ጽሑፍ የለም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1994 አንድራሽ ሪድልማየር፣ አሚላ ቡቱሮቪችና ኢርቪን ሺክ የተባሉ ምሁራን አንድ ጥያቄ አነሡ። "ዋናው ተቃጥሏል፤ ቅጂውስ የት አለ?" የሚል ነበር። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ተመራማሪዎች ከሳራዬቮ ጽሑፎች የሚፈልጉትን ገጽ ፎቶ ኮፒና ማይክሮፊልም እያስነሡ ወስደዋል። ያ ኮፒ ዛሬ በየመሳቢያቸው ተኝቷል። እንግዲህ ምሁራኑ በየአገሩ ላሉ ተመራማሪዎች ጥሪ አደረጉ፤ መሳቢያውም ይፈተሽ ጀመር። ከጠፉት ውስጥ ጥቂቶቹ በቅጂያቸው ተመለሱ። ጥቂት ናቸው፤ ግን ያለዚያ ፎቶ ኮፒ አንዳቸውም ባልኖሩ ነበር።

ልብ እንበል፤ ቅጂዎቹን ያስነሡት ሰዎች "ለክፉ ቀን" ብለው አልነበረም። ለራሳቸው ጥናት ሲሉ ያደረጉት ነው። የእኛም ጽሕፈት ቤትና የእኛም ወዳጅ እንዲሁ ናቸው። በአንጻሩ በዚያችው ከተማ አስቦ የተዘጋጀ ሰው ምን እንዳተረፈም ታሪኩ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1537 የተመሠረተው የጋዚ ሁስረቭ ቤግ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በከበባው ዓመታት የእጅ ጽሑፎቹን በሣጥን እያደረጉ ከቦታ ወደ ቦታ አሸሿቸው፤ እነዚያም ከጥፋት ዳኑ።

በአገራችንስ?

ከሩቅ አገር ወደ ቤታችን እንመለስ። በ16ኛው መቶ ዘመን የተደረገውን የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን ዘመቻ በዓይኑ ያየው ዐረብ ፈቂህ "ፉቱሕ አል-ሐበሻ" የተባለውን መጽሐፍ ጽፏል። የመጀመሪያው ክፍል በልዩ ልዩ እጆች ስለተገለበጠ እስከ እኛ ደርሷል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻም በማተሚያ ቤት ታትሟል። ደራሲው የጠቀሰው ሁለተኛው ክፍል ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ለታሪክ ተመራማሪ ይህ በግማሽ እንደተቆረጠ ወሬ ነው። የእኛን የወሎ አባት ግማሽ ታሪክ ስናነብ የሚሰማንም ይኸው ነው።

በተቃራኒው ደግሞ በአንዲት ቅጂ የዳነም አለ። በሸዋ ስለነበረው የመኽዙሚ ሱልጣኔት ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ኢጣሊያዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1941 ካሳተመው አንድ አጭር የዐረብኛ ዜና መዋዕል ነው። ያቺ ጽሑፍ በአንድ ቤት ውስጥ በምስጥ ብትበላ ኖሮ የሱልጣኖቹ ስምና ዘመን አብሮ ይጠፋ ነበር። አንድ ቅጂ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ዋስትና ግን አይሆንም።

ይህ የገባቸው ሰዎች በአገራችን ሰፊ ሥራ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የእጅ ጽሑፎች ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል። አብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ናቸው። የፊልሙ ቅጂ በአሜሪካ በሚኔሶታ ግዛት በኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ታላቁ ምሁር ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዚያ ሆነው ለረጅም ዓመታት እየመረመሩ ዝርዝሩን አሳትመዋል። ዋናው ብራና ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ቃሉ አለ ማለት ነው።

የእኛስ ኪታቦች? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ውስጥ ያሉት የዐረብኛና የአጀሚ የእጅ ጽሑፎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2014 በመጽሐፍ ወጥቷል። ከዝርዝሩ አዘጋጆች አንዱ የሆነው አሌሳንድሮ ጎሪ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2018 በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በአፍሪካ ቀንድ የእስልምና ጽሑፎች ላይ የተካሄደውን ሰፊ ጥናት መርቷል። በሐረር ከተማ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ከየቤቱ የሰበሰቧቸው ኪታቦችና ቁሳቁሶች በሸሪፍ ሙዚየም ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ አኼራ የሄዱት ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድም በወሎ የእስልምና ታሪክ ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት መጽሐፍ በየሸኾቹ ቤት የተቀመጡ ጽሑፎች ምን ያህል ታሪክ እንደያዙ አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ከሙዚየምና ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ያለው ኪታብ ብዙ ነው። አያት ትተውት የሄዱት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከመደርደሪያ ላይ የተሰቀለ፣ አንባቢ ያጣ የአጀሚ ወረቀት በየቤቱ አለ። ለእርሱ ቅጂ የሚያነሣለት ተመራማሪ ላይመጣ ይችላል። ቅጂውን ማንሣት ያለበት የቤቱ ልጅ ነው።

የቀደምቶቹ ሥርዓት

ጽሑፍን በብዙ ቦታ ማኖር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኅልፈት በኋላ በየማማ ጦርነት ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ብዙ ሰሓቦች ሲሰዉ ዑመር (ረ.ዐ.) ሰጉ፤ አቡበከርም (ረ.ዐ.) ዘይድ ኢብን ሣቢትን ቁርኣንን እንዲሰበስብ አዘዙት። ዘይድ ራሱ ሐፊዝ ነበር፤ ሆኖም በራሱ ሒፍዝ ብቻ አልበቃውም። ከተምር ዝንጣፊ፣ ከድንጋይ ሰሌዳና ከሰዎች ልብ የተገኘውን እያስተያየ ሰበሰበ። የተሰበሰበው ጽሑፍ በአቡበከር፣ በኋላም በዑመር፣ ከዚያም በሐፍሷ (ረ.ዐ.) እጅ ተቀመጠ። ዑስማን (ረ.ዐ.) ከእርሷ ተውሰው ቅጂዎችን አስገልብጠው ወደ ታላላቅ ከተሞች ሲልኩ ዋናውን ለሐፍሷ መልሰውላታል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የዛሬው ኮምፒዩተር አዋቂ የሚመክረው ሁሉ አለ። ቃሉ በልብም በጽሑፍም፣ በሁለት የተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ ተይዟል። ቅጂዎቹ በአንድ ከተማ አልተከማቹም። ዋናው በታመነ እጅ ነበረ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዱ ከሌላው ጋር ይስተያይ ነበር። ኋላም የኪታብ ገልባጮች የገለበጡትን ከዋናው ጋር አንብበው ማመሳከርን "ሙቃበላ" ብለው እንደ አንድ ግዴታ ይዘውታል። ያልተመሳከረ ቅጂ አይታመንም ነበር። ከጽሕፈት ቤቱ ቅጂ ላይ የጎደሉትን ሁለት ገጾች ያገኘንላቸው በሙቃበላ መሆኑን ስናስብ አባቶቻችን ምን ያህል አርቀው እንዳዩ ተገነዘብን።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው "ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ" የሚባል ቀላል መመሪያ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ይህን ወደ እኛ ኑሮ ስናመጣው እንዲህ ይሆናል።

1ኛ/ የማይተካውን ለዩ። ፊልምና ዘፈን ሁሉ ቅጂ አያስፈልገውም። የኒካሕ ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የይዞታ ደብተር፣ የአያት ኪታብ፣ የወላጅ ድምፅና ልጆች የጻፉት ግን ይለዩ። ይህ ሁሉ በአንዲት ፍላሽ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

2ኛ/ ሦስት ቦታ አኑሩ። አንዱ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር፣ አንዱ በፍላሽ፣ አንዱ ደግሞ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ። ኔትወርክ ባለበት ቀን ለራስ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም መላክም ይቻላል። ጎርፍ ወይም እሳት ቢመጣ ሦስቱም በአንድ ቤት ካሉ እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

3ኛ/ ወረቀትን አትናቁ። የታተመ ጽሑፍ መብራትም ፕሮግራምም አይፈልግም። ነገር ግን ከመሬትና ከግድግዳ አርቃችሁ፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ሣጥን አስቀምጡት።

4ኛ/ ቅጂውን ክፈቱና አንብቡ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ከረመዳን በፊት ቤት ሲጸዳ፣ ፍላሹ ይከፈት። ፊደሉ ይነበባል? መጨረሻው ገጽ አለ? ያልተከፈተ ቅጂ አለ ብሎ መተማመን ራስን ማታለል ነው።

5ኛ/ ቀን ጻፉበት። በአሮጌው ላይ አዲሱን አትጫኑ። ስሙን ከነቀኑ ለዩትና ሁለቱንም አቆዩ። ዛሬ ስሕተት ነው ብላችሁ የሰረዛችሁት ነገ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።

6ኛ/ በራሱ በሚያስቀምጥ ፕሮግራም ብቻ አትታመኑ። የጽሕፈት ፕሮግራሙ በየ10 ደቂቃው የሚይዘው ቅጂ መብራት በድንገት ሲጠፋ ይጠቅማል እንጂ ፋይሉ ሲሰረዝ ወይም ላፕቶፑ ሲሰረቅ አይደርስላችሁም።

7ኛ/ አማናን ጠብቁ። ቅጂ በበዛ ቁጥር የሰው ምስጢርም ይበዛል። የጽሕፈት ቤት ባለቤቶች የደንበኛን ፋይል ሲያቆዩ ፈቃዱን ቢጠይቁ መልካም ነው። እኛም በቤተሰብ መካከል የሌላውን ደብዳቤና ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ አንገልብጥ።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህ በአብዛኛው የእናንተ ሥራ ነው። በእጃችሁ ያለው ስልክ የአያታችሁን ኪታብ ገጽ በገጽ ለማንሣት ይበቃል። በቀን ብርሃን፣ ጥላ ሳይወድቅበት፣ ገጹን ሙሉ በሙሉ አስገብታችሁ አንሡ። የገጹን ተራ አታዛቡ። ኪታቡ የማን እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ ከአባታችሁ ጠይቃችሁ አብራችሁ ጻፉ። ማንበብ ባትችሉም የሚያነብ ሰው አንድ ቀን ይመጣል ኢንሻ አላህ። ያልተነሣውን ግን ማንም አያነበውም።

የተረፈው ግማሽ

የተገኙትን ታሪኮች እንደገና አስተካክለን ጽፈናል። ዛሬ በአራት ቦታ አሉ፦ በትምህርት ቤታችን፣ በጋምቤላዋ እኅታችን ኮምፒዩተር፣ በወዳጃችን ኢሜይልና በታተመ ወረቀት። የወሎውን አባት ታሪክ ስናዘጋጅ "ግማሹን ምን እናድርገው?" የሚል ጥያቄ ተነሣ። አንዳንዶቻችን ከምናስታውሰው እንሙላው አልን። የጻፈችው ተማሪ ግን አልተስማማችም። "እኔ የማስታውሰው የእርሳቸውን ሐሳብ ነው፤ ቃላቸውን አይደለም። የእኔን ቃል የእርሳቸው አስመስዬ አልጽፍም" አለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ታሪኩ ደብተሩ ባለቀበት ቦታ ያልቃል፤ ከሥሩም የምታስታውሰውን "ከዚህ በታች ያለው የእኔ ትውስታ ነው" ብላ በስሟ ጽፋበታለች።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቻችን አረጋውያንን ለማነጋገር ሲሄዱ ደብተርና ስልክ ይዘው ይሄዳሉ። ሲመለሱ የመጀመሪያ ሥራቸው መተየብ አይደለም፤ ፈቃድ ያገኙበትን ድምፅ ወደ ሁለተኛ ቦታ መገልበጥና የተጻፈውን ለሌላ ተማሪ ሰጥቶ ማስገልበጥ ነው። ሥራው አሰልቺ ነው እያሉ ያጉረመርማሉ። እኛም እንሰማቸዋለን፤ ግን አንተዋቸውም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ መጽሔቱን ዘግታችሁ አንድ ነገር ብቻ እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። በቤታችሁ ካሉት ጽሑፎች ሁሉ ቢጠፋ የማይተካው የትኛው እንደሆነ አስቡና ስንት ቅጂ እንዳለው ቁጠሩ። አንድ ከሆነ ዛሬውኑ ሁለት አድርጉት።

ወሰላሙ ዐለይኩም።